ኮርማውም ይመርመር

የእንድሪስን ሞት የሰማሁት ክንዴ እስከ ብብቴ ድረስ ላም ውስጥ ገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በኔ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሌላው ሰው መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ እያዋዛ ነው። እኔ ግን ከመካነ ሰላም ራቅ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ላም መያዟን አለመያዟን እየዳበስኩ ሳለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አንዱ እጄ ላሟ ዘንድ ነው፣ ሌላው ጭራዋን ይዟል። የላሟ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ስልኩን ከኪሴ አወጡና ጆሮዬ ላይ ለጠፉልኝ።

«ሽበሺ፣» አለኝ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ፣ «እንድሪስ ሞተ።»

«የቱ እንድሪስ?»

እኛ አገር ድንጋይ ብትወረውሩ አንድም ሰይድን፣ አንድም እንድሪስን ነው የምትመቱት። እኔም ሌላ እንድሪስ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

«ያንተው እንድሪስ፣» አለኝ።

«እሺ፣ ይዛለች?» አሉኝ አዛውንቱ። እሳቸው የሚያስቡት ስለ ላማቸው ነው።

«ይዛለች። አራት ወሯ ነው፣» አልኩና እጄን ማውጣት ረስቼ እዚያው ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። አዛውንቱ ግራ ገባቸው። አንዴ እኔን፣ አንዴ ላሚቱን ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ መንታ ነው እንዴ?»

እንድሪስ ይህን ቢሰማ ኖሮ ከሞተሩ ላይ እስኪወድቅ ይስቅ ነበር። የማወራለት ነገር ባገኘሁ ቁጥር የማወራለት ሰው የለም። ሞት ማለት እንዲህ ነው ለካ።

እንድሪስ የወረዳችን የእንስሳት ክሊኒክ አዳቃይ ነበር። ላም ኮርማ ስትፈልግ፣ የተመረጠ ኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ የሚያስገባላት ባለሙያ ማለት ነው። ዲፕሎማ ነው ያለው፣ አገሩ ግን «ዶክተር» ይለው ነበር። እኔም የጤና ረዳት ነኝ። መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ወይፈን እኮላሻለሁ። እኔን ዶክተር ያለኝ ሰው እስካሁን የለም፣ አንድ ሰካራም ሞክሮ ነበር፣ እሱም ከሌላ ሰው ጋር አሳስቶኝ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ሞተርና አንድ ማይክሮስኮፕ ይዘን ሃያ ዓመት አብረን ሠራን። ሞተሩን የሚነዳው እሱ ነው። እኔ የነዳሁ ዕለት ከገደል የተረፍነው ቦርጬ ቁጥቋጦ ላይ ተይዞ ስለቀረ ነው።

ከኔ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ «ጋሽ እንድሪስ» እለው ነበር። «እጃችን አንድ ላም ውስጥ እየገባ ምን ጋሽ ጋሽ ያስብልሃል፣ አንተ በለኝ» አለኝና ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ነጭ ኮፍያውን ከራሱ አያወልቅም። ላም ከመንካቱ በፊት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል። «ቀዝቃዛ እጅ አንተ ላይ ቢያሳርፉ ትወዳለህ?» ይለኛል። እኔን ማን ነክቶኝ።

አንድ ልማድ ነበረው፣ ባሎችን የሚያናድድ። ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሚስቲቱን ነው። ባልየው «ላሟ ትላንት ማታ ነው የጀመራት» ሲለው «እሺ» ይልና ዞሮ ሚስቲቱን ይጠይቃል። «እናቴ፣ መቼ ነው የጮኸችው?» እሷ ደግሞ «ኧረ ትላንት ጠዋት ነው፣ ወተቷንም ቀንሳለች» ትላለች። እሷ ያለችው ነው የሚሆን። ሰዓቱ ካለፈ ላሟ እንደማትይዝ ያውቃል፣ ላሟን የሚያውቃት ደግሞ የሚያልባት ናት። ባልየው ይኮሳተራል። «እኔ የዚህ ቤት ምን ነኝ?» ያለውም አለ።

አንዴ ደሴ ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ባህርዩ ሁሉ ተለውጦ መጣ። ያመጣው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነው። ሌላው ሰልጣኝ አበሉን ቆጥሮ ይመጣል፣ እሱ ወረቀት እያነበበ መጣ።

«ሽበሺ፣ ኢስትሮጅን ታውቃለህ?»

«የሴት ሆርሞን ነዋ። ላም ኮርማ እንድትፈልግ የሚያደርጋት።»

«በሬ ወለደ! እኛም እንዲያ ነበር የመሰለን። ወንዱም አለው። ቢኖረው ብቻ አይደለም፣ ያለሱ አይወልድም።»

«ተው እንጂ!»

«ወላሂ። አላህ ወንድ ውስጥ ሴት አስቀምጧል። እኛ ነን ወንድ ብቻውን የቆመ የመሰለን።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ ግን ያችን ወረቀት ዓመቱን ሙሉ ከደረት ኪሱ አላወጣትም።

የአያ ሙሄ ኮርማ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አያ ሙሄ ዳልቻ ኮርማ ነበራቸው። አንገቱ እንደ ግንድ፣ ሻኛው እንደ ኮረብታ። የመንደሩ ላም ሁሉ ለሱ ነው የሚነዳ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን በዚያ መንደር ጥጃ ብርቅ ሆነ። ላሞቹ ይጠቃሉ፣ ሳይዙ ይመለሳሉ። ታዲያ የተጠረጠረው ማን ይመስላችኋል? ላሞቹ! «መሲና ሆነዋል፣ መክነዋል» እየተባለ አንድ በአንድ ለሥጋ ተሸጡ። ከአያ ሙሄ ቤት ብቻ ሦስት ላም ወጣ።

እንድሪስ ሄደና ላሞቹን ዳብሶ ዳብሶ ደህና መሆናቸውን አየ። ከዚያ ዞር ብሎ «ኮርማውም ይመርመር» አለ።

አያ ሙሄ ዱላቸውን አነሱ። «ምን አልክ? ይሄ ኮርማ? ሲያገሳ ከላላ ድረስ ይሰማል!»

«ይሰማል አያ። ማግሳቱን ማን ካደ?»

«ሲወጣባቸውስ አላየህም?»

«አየሁ። እሱም ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ዘሩን ነው። ደሞ ቆለጡ ቀደም ሲል አብጦ አልነበር?»

አያ ሙሄ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሚስታቸው ናቸው የመለሱ። «አምና አብጦ ነበር። ቅጠል አድርገንበት ሟሸሸ።»

«አልሟሸሸም እናቴ፣ ኮሰሰ።»

ዘሩን እንዴት እንደወሰድን አልነግራችሁም፣ ምሳ እየበላ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ብቻ እኔ አንድ ርግጫ ጭኔ ላይ ተቀብዬ፣ ክሊኒክ ወሰድነውና እንድሪስ ባልና ሚስቱን ጠርቶ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጣቸው። መጀመሪያ የጤነኛ ኮርማ ዘር አሳያቸው። ከዚያ የዳልቻውን። እኔ ከጎን ሆኜ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«አያ፣ ያ የመጀመሪያው የቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው በሰው ላይ እየተራመሰ። ይሄ ያንተ ግን ገበያው ተበትኗል። ሁለት ሰካራም ብቻ ቀርተዋል፣ እነሱም ቤታቸው ጠፍቷቸዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እንድሪስም ሳቀ። ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ዞረ።

«እናቴ፣ አሬራውን አሙቀሽ አጓቱን ሳታወጪለት አይብ ይሆንልሻል?»

«እንዴት ብሎ?»

«ይሄም እንዲያው ነው። የወንድ ዘር ሲሠራ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ነው ከቆለጡ የሚወጣው። ቀጫጭን ቧንቧ አለ፣ በዚያ ሲያልፍ ውሃው ይመጠጥና ዘሩ ወፈር ብሎ ይቀራል። ቧንቧውን ‹ምጠጥ› ብሎ የሚያዝዘው የሴት ቅመም ነው፣ ኢስትሮጅን ይሉታል። ኮርማው ራሱ ከወንዱ ቅመም ይሠራዋል። እሱ ሥራውን ካልሠራ ውሃው ይጠራቀማል፣ ቆለጡ ያብጣል፣ ኋላም ይኮሳል። የናንተው ከዚህ ይሁን ከሌላ እዚህ ሆኜ ልለካው አልችልም። ጥፋቱ የላሞቹ አለመሆኑን ግን በዓይናችሁ አያችሁ።»

አያ ሙሄ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኮርማዬን ሴት አለብኝ!» እያሉ ወጡ። ሚስታቸው ግን ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሱም። ቆይተው ቆይተው፣

«እንግዲያ ሦስቱንም በከንቱ ነው ያሳረድኳቸው?» አሉ።

እንድሪስ «አዎ እናቴ» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያባብላቸው ነበር።

«ቡሬዋ እኮ ስትሄድ ዞራ አይታኛለች፣» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እንድሪስ ያን ቀን ሴትየዋን ያየበት አስተያየት ግርም ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ለእንድሪስ ስም አወጣሁለት። «ቅመሙ» አልኩት። መቼም እኔ ስም ሳላወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የራሴን ሚስት እንኳ «መርማሪዋ» ነው የምላት። ስም እንደ ቁንጫ ነው፣ አንዴ ከእጅህ ካመለጠ አይያዝም። በሁለት ገበያ ውስጥ አገር ምድሩ «ቅመሙ» አለው። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ «የሴት ቅመሙ መጣ፣ ወንድ ሁሉ ቀበቶህን አጥብቅ!» ይባል ጀመር።

እሱም አርፎ አይቀመጥ። አንድ ቀን አቀስታ ገበያ አንድ ጎልማሳ ድንጉላ ፈረሱን እያሰገረ ያሳያል። እንድሪስ ፈረሱን ወዶት በንፁህ ልቡ፣ «ታውቃለህ ወንድሜ፣ ድንጉላ ፈረስ ደሙ ውስጥ ያለው የሴት ቅመም ካላረገዘች ባዝራ ይበልጣል። ድንጉላነቱም አንዱ በሱ ነው» አለው። ሰውየው አለንጋውን አነሳ። ገበያተኛው ባይገላግል እንድሪስን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያገኘኝ፣ ምክንያቱም ከኋላው ተደብቄ የምስቀው እኔ ነኝ፣ እሱ ቀጭን ነው፣ እኔ በሁለቱም በኩል እታያለሁ። ስንመለስ፣ «እውነቱን ነገርኩት እኮ» ይላል። «እውነት በአቀስታ ብርድ አይነገርም፣» አልኩት።

አሁን ወደ ዘሃራ ልምጣ። ወደ እሷ ላለመምጣት ነው ይህን ሁሉ ያወራሁ።

ዘሃራ ሚስቱ ናት፣ የወግዲ ልጅ። ተጋብተው ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልወለዱም። በኛ አገር ልጅ ካልመጣ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያላደረገችው የለም። ዱዓ ተደረገላት፣ ሸኽ ዘንድ ሄደች፣ ጎረቤቶቿ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ጠበል ይዘዋት ሄዱ። የእንድሪስ እናት ቡና ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ አንድ ወሬ ነው ያላቸው። «ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው። እሷን መሸኘት ነው።» ዘሃራ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች። እንድሪስ ምንም አይልም ነበር። ይህን ደብቄለት አላልፍም፣ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሏል። የሰው ላም ሲያድን እየዋለ ቤቱ ሲገባ ዝም ይላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ክሊኒክ ገብቼ ቁጭ ስል፣ እንድሪስ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቷል።

«ሽበሺ፣ ና እስቲ። ያንተ ዓይን ከኔ ይሻላል።»

ይሄኔ ነበር መጠርጠር። የኔ መነጽር እንደ ጠርሙስ ቂጥ ነው፣ ሚዳቋን ፍየል ነች ብዬ ክትባት ልወጋ የሮጥኩ ሰው ነኝ። ግን ሙገሳ ስወድ። ተጠጋሁና አየሁ።

«የማን ኮርማ ነው?»

«የሩቅ ነው።»

«ኧረ ይሄስ ገበያው ተበትኗል! ሁለት ሰካራም እንኳ አልቀረም፣ አንዱ ነው፣ እሱም ተኝቷል። ባለቤቱን ጥራልኝ፣ ዛሬውኑ ኮላሽቼ ሰንጋ አደርግለታለሁ። ለመስቀል ይደርሳል!»

እንድሪስ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዘሩ ያለባትን መስታወት በጥጥ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ ዕቃው ውስጥ አስቀመጣት። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለኝ። እኔ ሙያዬን ያሳየሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ወር ያህል ቆይቶ ሽማግሌ ተቀመጠ። የዘሃራ አባት ከወግዲ በቅሎ ጭነው መጥተዋል፣ ልጃቸውን ሊወስዱ። በቅሎዋ ግቢው በር ላይ ታስራለች። ከእንድሪስ በኩል አጎቶቹ፣ አንድ የተከበሩ ሸኽ፣ እናቱ ከሴቶቹ መሃል፣ እኔም እንደ ወንድም ተጠርቼ ጥግ ይዣለሁ። ሸኹ ረጋ ብለው ጀመሩ።

«እንግዲህ ይሄ የአላህ ሥራ ነው። ልጅቱ ክፉ ወጥቷት አያውቅም። በፍቅር መጣች፣ በፍቅር ትሂድ። ለሱም ሌላ…»

እንድሪስ ተነሳ። ኮፍያውን አስተካከለ። «ሸኽዬ፣ አፉ ይበሉኝ። ኮርማው ሳይመረመር ላም አይወጣም። እኔ ለሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው።»

ሰው ሳቀ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁ እኔ ነኝ።

«ኮርማው ተመርምሯል፣» አለ። «ገበያው ተበትኗል። አንድ ሰካራም ነው የቀረው፣ እሱም ተኝቷል። ይህን ያለው ሽበሺ ነው፣ ያውም የማን እንደሆነ ሳያውቅ። ከዚያ ደሴ ሄጄ የሰው ሐኪም አየኝ፣ ያንኑ ነው የነገረኝ። ከምን እንደመጣ እሱም አላወቀውም። ዘሃራም ተመርምራለች፣ ምንም የለባትም። ዘጠኝ ዓመት የተሰደበችው በኔ ነው።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። መሬቱን ነው ያየሁት። መሬቱ ላይ ጉንዳን ይሄዳል፣ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

«ዝም በል!» ብለው ጮኹ እናቱ። «ልጄን አስደግመውበታል! ሰው እንዴት በራሱ…»

«ማንም አላስደገመብኝ እማ።»

የዘሃራ አባት ግን ነገሩ ገባቸው። ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እንግዲያ ጭራሽ ተነሺ ልጄ! ገና ልጅ ነሽ። ሄደሽ ውለጂ!»

እንድሪስ አንገቱን ደፋ። «መብቷ ነው፣» አለ። «መሄድ ከፈለገች በእጄ ነው በቅሎዋ ላይ የማወጣት።»

ሰው ሁሉ ይሄን ጊዜ በሩን ማየት ጀመረ። ዘሃራ ውስጥ ናት። ድምፅዋ ነው ቀድሞ የወጣ።

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ከዚያ እሷ ወጣች።

«አባዬ፣» አለች በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔ እዚህ ቤት የመጣሁት ጥጃ ልጥል አይደለም። በቅሎዋን ይዘው ወደ አገርዎ ይግቡ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽብዎት።»

ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ አሉ፣ ሽምግልናውም በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ስንት ብዬ ልቁጠረው። ዘሃራ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። በሷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ግን ወደ እሱ ዞረ። ቀድሞ «ቅመሙ» ሲሉት ስቀው ነው፣ አሁን ዝቅ አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው ይሉት ጀመር። ላሜን እሱ አይንካብኝ ያለ ገበሬ ነበር፣ መካንነት እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስል። እኔ በዚያ ስም መጥራቱን ተውኩ። ምን ዋጋ አለው? አውጪው እኔ፣ ተሸካሚው እሱ።

ግን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከከላላ በእግሯ የመጣች አንዲት ሴት ክሊኒካችን በር ላይ ቆመች። ላም አልያዘችም፣ ገመድ እንኳ አልያዘችም።

«ዶክተር እንድሪስን ነው፣» አለች። «ላሜ አልያዝ ብላኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?» አላት።

«ሃያ አራት።»

እኔ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ሆኜ አፌን ያዝኩ። የሃያ አራት ዓመት ላም! እንድሪስ ግን ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም።

«ከኮርማው ጋር ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«አምስት ዓመት።»

«ኮርማውስ ተመርምሯል?»

«አይመረመርም። ይዋጋል።»

«ግድ የለም፣ ይዋጋ። እኅቴ፣ ስሚኝ። ወንዱም ዘር እንዲኖረው ብዙ ነገር መሟላት አለበት፣ የሴት ቅመም እንኳ ሳይቀር። አንዱ ሲጎድል ከላይ አይታይም። ያገሳል፣ ይዋጋል፣ ዘር ግን የለውም። ሁለቱም አብረው ነው መታየት ያለባቸው። እዚህ አይደለም፣ ሰው ሆስፒታል። ወረቀት እጽፍልሻለሁ፣ ለሐኪሙ ስጪው። እስከዚያ ላሚቱ ከቤት አትውጣ። ማንም ቢላት አትውጣ።»

ሴትየዋ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠች። እጁን ልትስም ስትል ሸሸ፣ «ላም የነካ እጅ ነው» ብሎ።

ከዚያ ወዲህ መጡ። ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከዚሁ ከከተማችን፣ እስላምም ክርስቲያንም። የሌሉ ላሞች ይዘው። አንዷ «ሁለተኛ ላም ሊያመጣባት ነው» ብላ አለቀሰች። የሁሉንም ላም በደንብ ጠየቀ፣ ማንንም «የምን ላም?» አላለም። አንዳንዱ ባል መጥቶ ሰድቦት ይሄዳል። አንድ ሁለቱ ደግሞ ከሌላ በር መጥተው፣ በጆሮው፣ ወረቀት እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ስንቷ እንደወለደች አላውቅም። ስንቷ ሳትባረር እንደቀረች ግን ይገመታል።

ይኸው ይህን ሰው ነው አንድ ጠዋት፣ ሞተሩን ሊያስነሳ ጎንበስ ብሎ፣ «ደረቴን» ብሎ የወደቀ። እኔ ከዚያች ቀበሌ እስክደርስ አፈር ለብሷል። እስላም ሬሳ አያቆይም። መቃብሩ ላይ ያፈሰሱት ውሃ ገና አልደረቀም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃ ነበር። በኛ አገር ለቅሶ ላይ ሦስተኛው ቀን ሲሆን ሰው እንዲጽናና የሚያስቅ ሰው ይፈለጋል፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ዳሱ ውስጥ ስገባ ዘወር ዘወር ብለው አዩኝ፣ ቦታም ለቀቁልኝ። «በል እንጂ ሽበሺ፣ ድንጉላ ፈረሱን አጫውተን» አለ አንዱ። ተነስቼ ከዳሱ ወደ እንድሪስ ቤት ገባሁ።

ዘሃራ ከሴቶቹ ተለይታ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ቦታ ሰጠችኝ። አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን ልነግራት ነው የገባሁ።

«እትዬ፣ ያን ቀን መስታወቷን አይቼ ያላገጥኩት እኔ ነኝ። የሱ መሆኑን ግን በፈጠረኝ…»

«አውቃለሁ። እንዳታውቅ ብሎ ነው የሰጠህ። ራሱ ሦስት ቀን ሙሉ አይቶት ዓይኑን አላመነም። ‹ሽበሺ የማን እንደሆነ ካላወቀ ይሉኝታ የለውም፣ እውነቱን ይነግረኛል› ብሎኝ ነው የወጣ።»

«ሳቀ እኮ እትዬ። አብረን ነው የሳቅነው። ሳቀ።»

«አንተ ፊት ሳቀ።»

ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ቀጠለች።

«ጫማውን ሳያወልቅ እዚህ፣ አሁን አንተ ያለህበት ተቀመጠ። ‹ምን አለህ?› አልኩት። ‹ሰንጋ ሆኜ ለመስቀል እደርሳለሁ አለኝ› አለ። ሌላ አላለም። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ተነስቶ ደሴ ሄደ።»

እኔ ያንን ቀልድ በኋላም ሌላ ቦታ ደግሜዋለሁ። ከሽማግሌው ቀን በፊት፣ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ጠጅ ቤትም ጭምር። ይህን ለሷ አልነገርኳትም። ለናንተ ነው የምናገር።

ጉልበቷን ልይዝ ጎንበስ አልኩ። «አፉ በይኝ እትዬ።»

እጄን ይዛ አነሳችኝ።

«እኔ አፉ ካልኩህ ቆየሁ ሽበሺ። የሱን ግን እኔ ልልህ አልችልም። ጠይቀኸው አታውቅም።»